ሁዳዴ ሽሮ በመብላት ብቻ እንዳያልፍብኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ የምኖር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፤ አንዱን ሳምንት ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ቀጣዩን ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ሁዳዴን ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ፤ ግን በየዓመቱ የሚሆነው አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እስከ 11 ሰዓት እቆያለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚቀረኝ ሽሮ መብላቱ ብቻ ነው። ፋሲካ ደርሶ ዶሮውን ስበላ፣ ሁለት ወር ሙሉ ምን ሠራሁ ብዬ አዝናለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳን አብሮን ገባ። የግቢያችን ሙስሊም ልጆች ሌሊት ለሱሑር ሲነሡና ሲሰግዱ እየሰማሁ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አፍራለሁ። ንስሐ የገባሁት 10ኛ ክፍል እያለሁ ነበር። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ደሴ ናቸው፤ ስልካቸው አለኝ፣ ፊታቸው መቅረብ ግን አፈርኩ። ጨጓራም ይነካካኛል። በየቀኑ ለቁርስ ከማወጣው 60 ብር የተረፈኝን ለማን እንደምሰጥም አላውቅም። ከየት ልጀምር? ስሜ ይቅር፣ ከኮምቦልቻ።»

መልስ፦

እኅታችን፣ ጥያቄሽን በአንድ ቃል እንመልሰው ብንል «ደውዪ» ነው። ስልካቸው በእጅሽ ላለው የንስሐ አባት ዛሬ ደውዪ። የጸሎቱ ሰዓት፣ ምንባቡ፣ የጨጓራው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጾሙ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚያልቅብሽ ስንፍና ኖሮብሽ አይመስለንም። በፈረቃ እየሠራች እስከ 11 ሰዓት የምትጾም ሰው ሰነፍ አትባልም። የጎደለው መድረሻ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሮ የት እንደሚወርድ ያልተናገረ ሰው ረዳቱ ባሻው ቦታ ይወርዳል፤ አንቺንም ጾሙ የደከመሽ ቦታ ላይ እያወረደሽ ነው። የሁዳዴ መድረሻ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የታወቀ ነው፦ ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናን (የንስሐ አባት የሚያዙትን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት) ፈጽሞ፣ ትንሣኤን በቅዱስ ቁርባን ማክበር። ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ድርሻ ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ይዘጋጃሉ፣ ለምን እንደሚዘጋጁ ግን አያውቁትም። ያንቺም ሐዘን ከዚሁ የመጣ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር እንንገርሽ። ንስሐ ለሕማማት አይቆይም። በሰሙነ ሕማማት ኑዛዜ አይሰጥም፣ መስቀል መሳለም የለም፣ ክርስትና አይነሣም፣ ጸሎተ ፍትሐትም አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረጋል። በስቅለት ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ የሚሰጡት ስግደት አለ፤ እርሱን ተቀብለው «ንስሐ ገባሁ» ብለው የሚሄዱ አሉ። ያ የዕለቱ ሥርዓት ነው፣ ተቀምጦ ኃጢአትን ለይቶ የሚናገሩትን ኑዛዜ አይተካም። ዘንድሮ በ2018 ጾሙ የገባው የካቲት 9 ነው፤ ሆሳዕና መጋቢት 27፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። ስለዚህ ያንቺ የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 4 ሳይሆን ከመጋቢት 27 በፊት ያለው ቀን ነው። ካህኑ የሚሰጡሽ ቀኖና ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ሳምንትም፣ ሁለትም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ስትቆጥሪው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ መጻጉዕ እሑድ፣ የካቲት 29 ድረስ እፊታቸው መቅረብ አለብሽ። ከዚያ እስከ ሆሳዕና 28 ቀን ይኖርሻል።

ስልኩን ስታነሺ ረጅም መግቢያ አያስፈልግሽም። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። እገሊት ነኝ፣ የእነ እገሌ ልጅ። አሁን ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፤ መቼ ይመችዎታል?» በዪ። ለምን ጠፋሽ ካሉሽ እውነቱን ተናገሪ፤ «አፍሬ» ማለት በቂ ነው። በስልክ ቀጠሮ ይያዛል እንጂ ኑዛዜ አይፈጸምም፤ ስለዚህ እዚያው መዘርዘር አትጀምሪ። ከ12 እስከ 8 በምትሠሪበት ሳምንት ከፋብሪካ እንደወጣሽ ሚኒባስ ብትይዢ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ለመድረስ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመስከረም ለግሸን ማርያም ሌሊት ተነሥቶ ያንን ሁሉ አቀበት የሚወጣ የወሎ ሰው፣ የንስሐ አባቱ ደጅ ለመድረስ ሲሆን መንገዱ እንደሚረዝምበት እናውቃለን። ርቀቱ የኪሎ ሜትር አይደለም።

ለወደፊቱ በየጊዜው ደሴ መመላለሱ ካልተቻለሽ ይህንንም ለእርሳቸው ንገሪ። አሰናብተውሽ ኮምቦልቻ ላይ በአጥቢያሽ ሌላ አባት መያዝ ይቻላል። የማይቻለው እርሳቸው ሳያውቁ ሁለት የንስሐ አባት መያዝ ነው፤ አንዱ ጠንከር ሲሉ ወደ ሌላው መዞር፣ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት መራራ ነው ብሎ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሕመሙን ደብቆ እንደመሄድ ነው።

ለኑዛዜው ሦስት ቀን አስቀድመሽ ተዘጋጂ። ዘጸአት 20 ላይ ያሉትን ዐሥሩን ትእዛዛት ከፊትሽ አድርጊ፤ ቀጥሎ ማቴዎስ 5ን፣ ከዚያም ማቴዎስ 25 ከቁጥር 35 ጀምሮ ያለውን። የመጀመሪያው ያደረግሽውን ያሳይሻል፣ ሁለተኛው በልብሽ የያዝሽውን፣ ሦስተኛው ልታደርጊው ሲገባሽ የተውሽውን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «አልገደልኩ፣ አልሰረቅሁ» ብሎ ባዶ እጁን ይሄዳል። ወደ ሥራሽ አምጪው፦ ላልመጣች ጓደኛሽ መፈረም፣ ባልሠሩት ሰዓት ገንዘብ መቀበል፣ በምሳ እረፍት የሚቦካው ሐሜት፣ ያልተመለሰ ብድር፣ ዓመት ሙሉ ሰላም ያላልሻት የመሥመር ጓደኛ። በትንሽ ወረቀት በምልክት ብትጽፊው ከመርሳት ያድንሻል፤ ሲያልቅ ቅደጅው። ስትናገሪ ደግሞ የሌላ ሰው ኃጢአት አትቀላቅዪበት። «እርሷ እንዲህ ስላለችኝ ነው እኔም…» ብለሽ የጀመርሽው ዓረፍተ ነገር ኑዛዜ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል። አድራጎቱን፣ ስንት ጊዜ ወይም ምን ያህል ዘመን እንደቆየ፣ አሁንም እንዳለ ወይም እንደቀረ ተናገሪ፤ ይበቃል። በጣም ያሳፈረሽን መጀመሪያ አውጪው። መጨረሻ ላይ ልናገረዋለሁ ተብሎ የተቀመጠ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል፣ እርሱን ደብቆ የተገባው ንስሐም ለሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት እረፍት ይነሣል። አባትሽ የሰሙትን ለማንም እንዳይናገሩ በሥርዓት የታሰሩ ናቸው፤ ደግሞም አዲስ ነገር ትነግሪያቸዋለሽ ብለሽ አትስጊ።

ከአንድ ሰው ጋር ተቀያይመሽ ከሆነ አስቀድመሽ ታረቂ፤ ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ መባን በመሠዊያ ፊት ትቶ ሄዶ መታረቅ ይቀድማል ተብሎ የተጻፈው ለዚህ ነው። አባትሽም ምናልባት መልሰው ሊልኩሽ ይችላሉ። የወሰድሽውን ገንዘብ መመለስም እንዲሁ ነው፤ በምጽዋት አይተካም።

ቀኖናውን ሲሰጡሽ ዝም ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ። ቆመሽ እንደምትሠሪ፣ ፈረቃሽ እንደሚገለባበጥ፣ ጨጓራ እንዳለብሽ እዚያው ተናገሪ። የስግደቱ ቁጥር ከከበደሽም እዚያው በዪ። ቤትሽ ሄደሽ በራስሽ ሥልጣን ብትቀንሺው ግን፣ አልፈጸምኩም የሚል ሐሳብ ተመልሶ ከቁርባን ያርቅሻል። ስግደት በቅዳሜ፣ በእሑድና በዐበይት በዓላት እንደማይሰገድም አስቢ፤ 10 ቀን የተባለ ቀኖና ሁለት ሳምንት የሚወስደው ስለዚህ ነው። የሚሰገደውም እህል ሳይቀመስ ነው።

ቀኖናው ካለቀ በኋላ ተመልሰሽ ነገሪያቸው፤ ፈቃዱን የምታገኚው ያኔ ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ምንም አለመቅመስ ያስፈልጋል፣ ውሃም ጭምር። ሰንበት ላይ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የምትቆርቢ ከሆነ የመጨረሻ ምግብሽ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። በትንሣኤ ሌሊት ከሆነና ቁርባኑ 8 ሰዓት ገደማ ከደረሰ ቆጠራው ከቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀምራል፤ ቅዳም ሥዑር ደግሞ ድሮም የሚጾም ስለሆነ ብዙም አይከብድሽም። ቅዳሴው ሲጀመር ተገኚ። አርፍዶ ገብቶ መቁረብ የለም። የወር አበባሽ በዚያ ቀን ከመጣ ቀኑን አዛውሪው፤ ከቤተ መቅደሱ ውጪ በዐጸዱ ቆሞ መጸለይ ይቻላል፣ ጾሙም አይቋረጥም። «ዕድሌ ነው» ብሎ እስከ ዓመት መተው ግን ምክንያት የለውም፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሰንበታት ክፍት ናቸው።

ወደ ዕለት ኑሮሽ እንምጣ። በፊት ያደረግሽው ስሕተት አንድ ነው ብለን እናስባለን፦ ከቤተ ክህነት ሊቃውንት እኩል ለመድገም ሞክረሻል። መዝሙረ ዳዊት በሳምንት ሲከፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ነው። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ሰኞ ብቻ ሦስት ንጉሥ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት በስፌት ማሽን ላይ ያቀረቀረች ሰው ይህን አንድ ሳምንት ትችለዋለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ያመልጣታል፣ ያመለጣትን ለማካካስ ስድስት ንጉሥ ይቆለላል፣ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ይዘጋል። ያመለጠውን ማካካስ ነው ጸሎትን የሚገድለው። ያመለጠሽ ካለ አለፈ በዪና የዛሬውን ጸልዪ።

ስለዚህ ትንሽ ግን የማይነቃነቅ ሥርዓት ያዢ። ጠዋት ከቤት ሳትወጪ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ በቁምሽ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ፣ ስልክሽ ሌላ ቦታ ተቀምጦ። ማታ አንድ መዝሙርና አንድ የወንጌል ምዕራፍ። ሌላ አትጨምሪ፤ መጨመር ያማረሽ ቀን በተለይ አትጨምሪ።

ምዕራፎቹን ቆጥረንልሻል። ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፤ ድምሩ 40። ሰኞ የካቲት 16 ማርቆስ 1ን ብትጀምሪ ማርቆስ መጋቢት 1 ያልቃል፣ ሉቃስ መጋቢት 25 ዓርብ ላይ ይፈጸማል፤ ቅዳሜ ለተረሳው ይተርፋል። ለሕማማት ከዮሐንስ 12 እስከ 21 ያለውን አቆዪው። ማርቆስን ያስቀደምነው አጭር ስለሆነና ደክሞት የሚያነብን ሰው ስለማያስቸግር ነው። ምዕራፉን ስትጨርሺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በደብተር ጻፊ፤ ትርጓሜ አይደለም፣ የቆመብሽን ቃል። በማግስቱ በማሽኑ ላይ የምታስቢው እርሱን ነው።

ጠዋት ሱሑር የሚነሡትን ጎረቤቶችሽን ስትሰሚ ማፈሩን ትተሽ እንደ ደወል ተጠቀሚባቸው። እነርሱ ለሱሑር በሚነሡበት ሰዓት፣ የ12 ሰዓት ፈረቃ ያለሽ ሳምንት አንቺም መነሣትሽ አይቀርም፤ ሃያ ደቂቃ ብታስቀድሚው ጸሎቱ ተጠናቀቀ። ረመዳን አንድ ወር ነው፤ ዒድ የእኛ ጾም ሳያልቅ ይገባል። እስከዚያ ሰውነትሽ ሰዓቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንቂያ ሙዪ።

ሰዓቶቹ ለምን እንደተመረጡ ካወቅሽ ማሽን ላይም ሆነሽ ትጸልያለሽ። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። ሁዳዴን እስከ 9 የምንጾመውም ለዚሁ ነው። በ12 ሰዓት ፈረቃሽ 6 ሰዓት ሲሆን እጅሽን ሳታቆሚ በልብሽ አባታችን ሆይ በዪ። 8 ሰዓት ወጥተሽ እግረ መንገድሽን ወደ አጥቢያሽ ጎራ ብትዪ፣ በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር ጋር ገብቶ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሚወጣ የመጨረሻውን ትደርሺበታለሽ። የቅዳሴው መጨረሻ ላይ መድረስ እንደ ማስቀደስ አይቆጠርም፣ ግን ከግቢው ቆሞ ጸልዮ በካህኑ መስቀል ተባርኮ ወደ ቤት ሄዶ መብላት ሽሮውን ሌላ ሽሮ ያደርገዋል። ከበሮና ጸናጽል በሁዳዴ ዝም እንደሚሉ ያኔ ታስተውያለሽ፤ ጾመ ድጓው (የጾሙ ዜማ) በመቋሚያ ብቻ ነው የሚባለው። በ8 ሰዓት ፈረቃሽ ሳምንት ደግሞ ጠዋቱ ያንቺ ነው፤ ኪዳን ማለዳ ይደርሳል፣ ከዚያ መልሶ መተኛት ይቻላል። 9 ሰዓት ማሽን ላይ ያገኝሻል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ በዝግታ በዪ፣ የምግብ እረፍቱ ሲደርስ ብዪ። 11 ሰዓት የግድ አይደለም፤ በፊት የቆየሽበት ሰዓት አባትሽ ያዘዙሽ ካልሆነ ወደ 9 መልሺው። ራስሽ የጨመርሽው ሁለት ሰዓት ነው ምናልባት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠቅላላውን የሚያስጥልሽ።

ከቅዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት መቆየት የለም፤ ከጥሉላት መከልከሉ ግን ይቀጥላል።

ቅዳሜ ማታ የነገውን ወንጌል አንብበሽ ተኚ። ሰንበታቱ ከጾመ ድጓ የወረሱት ስም አላቸው፣ ስማቸውም ምንባባቸውን ይዟል። ቅድስት ላይ ማቴዎስ 6 ከቁጥር 16፣ ስለ ጾም ራሱ፤ ምኩራብ ላይ ዮሐንስ 2፣ ቤተ መቅደሱን ገበያ ያደረጉት የተባረሩበት፤ መጻጉዕ ላይ ዮሐንስ 5። ከሁሉ መጻጉዕ ላይ ቆዪ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው፣ ሰውዬው እወዳለሁ አላለም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ ምክንያቱን ዘረዘረ። ንስሐን ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ያቆየ ሰው ይህን ምዕራፍ ሲያነብ የሚያገኘው ነገር ይኖራል። ደብረ ዘይት (ማቴዎስ 24) የጾሙ እኩሌታ ነው፣ መጋቢት 6። ከዚያ ገብር ኄር ከማቴዎስ 25 ጋር፣ ኒቆዲሞስ ከዮሐንስ 3 ጋር ይከተላሉ፤ ኒቆዲሞስ በሌሊት ነበር የመጣው፣ እንደ አንቺ በፈረቃ ሰዓቱ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይወደዋል።

ስለ ምግቡ አጭር እንሁን። ጨጓራሽ በሐኪም የታወቀ ከሆነና መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሰዓቱን ለማሳጠር የንስሐ አባትሽ ይፈቅዳሉ፤ ሥርዓቱ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ያዝናል። ማሽን ላይ ዓይንሽ ቢያጨልምብሽ ግን ፈቃድ ሳትጠብቂ ውሃ ጠጪ፣ በኋላ ንገሪያቸው። የኮምቦልቻ ሙቀት የደሴን ብርድ አይመስልም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ውሃውን በአንዴ ሳይሆን እስክትተኚ እየተጎነጨሽ ጠጪው። ባዶ ሆድሽን በሚጥሚጣና በቡና አትክፈቺው፤ የተልባ ውሃ ወይም የምስር ሾርባ ይሻለዋል። ሽሮ ብቻ ሲሆን ጉልበት ያንሳል፦ ምስር፣ እልበት፣ ሱፍ፣ ጎመን፣ ቆሎ ቀላቅዪ። ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ «የጾም ነው» እየተባለ ይሸጥልሽ ይሆናል፤ በሁዳዴ ዓሣም አይበላም። ስለ የጾም ኬኩና የጾም ማኪያቶው ሕግ አንጠቅስብሽም፤ ወተቱ ከአኩሪ አተር ሆኖ ምኞቱ ግን ያው ከሆነ ምን እንደተጾመ አንቺው ፍረጂ።

ስለ 60 ብሩ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ በስምንቱ ሳምንት የሚጾመው 40 ቀን ነው፤ 2,400 ብር ይሆናል። ሁሉንም ስጪ አንልሽም፤ 9 ሰዓት ላይ የምትበዪው ከዚያው ነውና። ግማሹን፣ በሳምንት 150 ብር፣ ዓርብ ዓርብ ለይተሽ በፖስታ አኑሪ። ቤት ኪራይ ሲደርስ እንዳይበላ ከሌላው ገንዘብ አትቀላቅዪው። ለማን የሚለውን ሩቅ አትፈልጊ፦ ታማ አልጋ ላይ የዋለች የፋብሪካ ባልደረባ፣ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ያሉ እናት። ሙስሊም ብትሆንስ ብለሽ አታመንቺ፤ የወሎ ልጅ ይህንን መጠየቋም ያስገርማል። ለማንም አትንገሪ፤ የቅድስት ወንጌል ስለዚህ ጭምር ነው።

ለኢፍጣር ሲጠሩሽ ሂጂ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ የ9 ሰዓቱን ጾምሽን አይነካም። ቴምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሻይ ይበቃል። አስቀድመሽ «ሁዳዴ ነው» ካልሻቸው የእኛ ሰው የጾሙን ለብቻው ያቀርባል፤ ሥጋ ቀርቦ እምቢ ከማለት የሚሻለው ቀድሞ መናገር ነው። ዒድ ላይም እንዲሁ። የማይበጀው ጾምን ማወዳደር ነው፣ «የእናንተ ውሃ አይጠጣበትም፣ የእኛ 55 ቀን ነው» እያሉ። በሆድ ተጀምሮ በአፍ ያልቃል። ቅዱስ ያሬድ ዓይንም አንደበትም ጆሮም ይጹሙ ብሎ ያዜመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይን ዛሬ የሚውለው ስልክ ላይ ስለሆነ፣ አጫጭር ቪዲዮ የምታዪበትን መተግበሪያ ከሰኞ እስከ ዓርብ አጥፊው። ማታ አንድ ምዕራፍ የሚነበብበት ጊዜ የለኝም ካልሽ ጊዜው ያለው እዚያ ነው።

ሕማማት ሲገባ ሌላውን ሁሉ አቅልዪ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቅዳሴ የለም፤ በየሰዓቱ ምንባብና ስግደት ነው። ፈረቃሽ በፈቀደልሽ ጊዜ አንዱን ሰዓት ብቻ ሙሉውን ቁሚ፤ ከሦስት ሰዓት ሩጫ አንድ ሰዓት እርጋታ ይሻላል። በዚያው ሳምንት ሰላምታ በመሳሳምና በእጅ መጨባበጥ እንደማይደረግ ለሙስሊም ጓደኞችሽ ንገሪያቸው፣ እንዳይከፋቸው። ጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ አለ፤ እግር ይታጠባል፣ ከዚያ ጉልባን። ስቅለት የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሥራ የለሽም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በአጥቢያሽ ዋዪ፣ ከተቻለሽ ቤተሰብሽ ዘንድ ደሴ። የስግደቱን ብዛት ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር አትቁጠሪ። ወገብሽ ሲደክም ቁሚ፣ ኪርያላይሶኑን በዪ፣ እንደገና ጀምሪ። አክፍሎት ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚጾሙ አሉ፤ አንቺ በጨጓራሽ ምክንያት ይህን አትሞክሪው፣ ካማረሽ አባትሽን ጠይቂ።

በትንሣኤ ሌሊት ቆርበሽ ወደ ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ ተልባ ጠጪ። ሃምሳ አምስት ቀን ቅባት ያላየ ጨጓራ ላይ በሌሊት 10 ሰዓት ዶሮና ቅቤ መጫን ለዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ሙሉ መታመም ነው። ከቆረብሽ በኋላ መስገድ የለም፣ አፍሽንም ጠብቂ። ዶሮው ለረፋድ ይደርሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ብዙዎች የሚወድቁበት። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም። በጾም ተደግፎ የቆመ ጸሎት ሁሉ እዚህ ላይ ይዘማል። ስለዚህ የጠዋቱንና የማታውን ሥርዓት አትንኪው፤ ከወንጌሉ ቀጥለሽ የሐዋርያት ሥራን ጀምሪ፣ 28 ምዕራፍ ነው፣ በሁለት ቀን አንድ ብትዪ እስከ ጰራቅሊጦስ ሊጠናቀቅ ጥቂት ይቀረዋል። በማዕዶት፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ፈረቃሽ ከ12 ሰዓት ከሆነ ማንቂያውን ለ10 ሰዓት ሙዪው፤ ሱሑር የሚያነሣሽ ጎረቤት ያኔ የለም።